በመጋቢት ወደ ሰሜን የሚያልፉት

ሰሞኑን ከረፋዱ ሦስት ሰዓት ተኩል እስከ አምስት ሰዓት ባለው ጊዜ ቀና ብላችሁ ሰማይ አይታችኋል? መቐለ ከሆናችሁ ፊታችሁን ወደ ምሥራቅ፣ ወደ እንዳ ኢየሱስ ኮረብታ አዙሩና አሥር ደቂቃ ያህል ታገሡ። መጀመሪያ አንድ ጥቁር ነጥብ ታያላችሁ። ከዚያ ሁለት፣ ከዚያ ሰባት ስምንት። ክንፋቸውን ዘርግተው ሳያርገበግቡ እየዞሩ ከፍ ከፍ ይላሉ፤ ጫፍ ሲደርሱ አንዱ ቀድሞ ወደ ሰሜን ይንሸራተታል፣ ሌሎቹም ይከተሉታል። ብዙ ሰው «አሞራ ነው» ብሎ ያልፋል። እውነት ነው፣ አሞራ ነው። ግን ከመካከላቸው የእኛ ያልሆኑ አሉ። ክረምታችን ሲያልቅ መጥተው በጋውን አብረውን ያሳለፉ፣ አሁን ወደ አገራቸው የሚመለሱ እንግዶች ናቸው።

በኢትዮጵያ ከ850 በላይ የወፍ ዓይነት ተመዝግቧል። ከዚህ ውስጥ ወደ 200 የሚጠጋው ከአውሮፓና ከእስያ ብርድ ሸሽቶ የሚመጣ ነው። ከመስከረም ጀምሮ ይገባል፣ ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ይወጣል። ፈረንጆቹ ይህን የአሁኑን የጸደይ ጉዞ ይሉታል። ለእኛ የበጋው ማብቂያና የበልጉ መግቢያ ነው፤ በትግርኛ «ጽድያ» የምንለው ወቅት።

ትላልቆቹ ወፎች፣ ማለትም ንስሩ፣ ጭላቱ፣ ሽመላውና ጥንብ አንሳው፣ የሚጓዙበት መንገድ የስምጥ ሸለቆና የቀይ ባሕር መስመር ይባላል። በዚህ መስመር 37 ዓይነት ተንሳፋፊ ወፎች፣ በቁጥር ከ1.5 ሚሊዮን በላይ፣ በየዓመቱ ይመላለሳሉ። እነዚህ ወፎች ክብደት ስላላቸው ክንፍ እያርገበገቡ ሺህ ኪሎ ሜትር መሄድ አይሆንላቸውም። ስለዚህ ፀሐይ መሬቱን አሙቃ የምታስነሳውን አየር ይጠብቃሉ። ረፋድ ላይ ከገደልና ከድንጋያማ ኮረብታ የሚወጣው ሙቅ አየር እንደ አሳንሰር ወደ ላይ ያወጣቸዋል፤ ከዚያ ቁልቁል እየተንሸራተቱ ወደ ሌላው ሙቅ አየር ይደርሳሉ። በማለዳ የማታዩአቸውም ለዚህ ነው፤ ነጋዴ ገበያው ሳይሞቅ ሱቁን እንደማይከፍት መሆኑ ነው።

ባሕር ላይ ግን እንዲህ ያለ የሚያነሳ ሙቅ አየር አይገኝም። ስለዚህ የሚሻገሩት ጠበብ ባለው ቦታ ነው። አንዱ ጅቡቲንና የመንን የሚለየው ባብ ኤል መንደብ ነው፤ ስፋቱ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው። ሌላው ላይኛው ጫፍ፣ በስዊዝና በሲና በኩል ያለው ነው። የሚገርመው የመምጫውና የመመለሻው መንገድ ለብዙዎቹ አንድ አለመሆኑ ነው። ከካዛክስታንና ከሩሲያ የሣር ሜዳዎች የሚመጣው ቡናማ ንስር ሲመጣ በባብ ኤል መንደብ ይገባል። እ.ኤ.አ. በ1987 የመምጫ ወራት ጅቡቲ ላይ ሆነው የቆጠሩ ሰዎች ወደ 250 ሺህ የሚጠጉ አዳኝ ወፎች ሲሻገሩ መዝግበዋል። ሲመለስ ግን አብዛኛው በእኛ ደጋ ጫፍ፣ በኤርትራ፣ በሱዳንና በግብፅ አድርጎ በሲና ይወጣል። ኤይላት ላይ በአንድ የመመለሻ ወቅት ከአንድ ሚሊዮን በላይ አዳኝ ወፎች የተቆጠሩበት ዓመት አለ። ከእንዳ ኢየሱስ በላይ ዛሬ የምናየው የዚያ ሰልፍ ጥቂቱ ክፍል ነው። ይኸው ቡናማ ንስር ከ2015 እ.ኤ.አ. ወዲህ በዓለም ደረጃ ለመጥፋት ከተቃረቡት ተርታ ተመዝግቧል።

የትንንሾቹ ነገር ደግሞ ሌላ ነው። እነሱ በሌሊት ነው የሚሄዱት። ከመነሣታቸው በፊት ለሳምንታት ያለ እረፍት ይበላሉ፤ በቆዳቸው ሥር ስብ ያከማቻሉ፤ አንዳንዶቹ ክብደታቸው እጥፍ ሊሆን ምንም አይቀረውም። ሕሙማኖቼን «ክብደት ቀንሱ» ስል የኖርኩ ሰው ስለሆንኩ በዚህ ነገር ሁልጊዜ እደነቃለሁ፤ እጥፍ ሆነው ስኳርም አይነካቸው፣ ደም ግፊትም አይታያቸው። በየድንጋዩ ላይ ቀጥ ብላ ቆማ ስትበር ነጭ ወገቧን የምታሳይ አንዲት ትንሽ ወፍ አለች። ክብደቷ 25 ግራም ገደማ ነው፤ ከሁለት የሾርባ ማንኪያ ስኳር ብዙም አትበልጥም። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ ጥናት እንዳሳየው አላስካ የተፈለፈሉ የዚህች ወፍ ዘመዶች እስያን በሙሉ አቋርጠው በአንድ ጉዞ ብቻ ወደ 14,500 ኪሎ ሜትር በመብረር ምሥራቅ አፍሪካ ድረስ ይመጣሉ።

ወፍ ለማየት ከቤት መውጣት በእኛ አገር የቱሪስት ሥራ ይመስላል። በሌላው ዓለም የአያትና የልጅ ልጅ ነገር ነው። ቻይናን ብንወስድ፣ በመመለሻው ወራት የከተማ ሰው ከቤጂንግ ተነሥቶ ቤይዳይሄ ወደተባለችው የባሕር ዳርቻ ከተማ ይጓዛል፤ ወፎቹ በባሕሩና በተራራው መካከል ባለው ጠባብ መሬት ላይ ተጭነው ስለሚያልፉ። በቢጫ ባሕር ዳር ያለው የወፎች ማረፊያ እ.ኤ.አ. በ2019 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገብቷል። እኛን የሚነካን ደግሞ ይኸውላችሁ፤ ከቻይና ወፎች ውስጥ በጋውን አፍሪካ የሚያሳልፉ አሉ። ቤጂንግ በሚገኘው የቀድሞ ነገሥታት የበጋ ቤተ መንግሥት ጣሪያ ሥር የሚፈለፈሉ፣ በአየር ላይ የሚበሉና በአየር ላይ የሚተኙ ጥቁር ወፎች አሉ። እ.ኤ.አ. በ2014 ጀርባቸው ላይ ከአንድ ግራም ያነሰ መሣሪያ ታስሮላቸው ተለቀቁ። በዓመቱ ተመልሰው ሲያዙ መሣሪያው የተናገረው መንገድ በመካከለኛው እስያና በአረቢያ አድርጎ አፍሪካ የሚገባ፣ እስከ ደቡብ አፍሪካ ጫፍ የሚወርድ ነበር። ሁለት ዓመት ቆይተው ደግሞ ቤጂንግ አካባቢ ኩኩ የምትባለዋን ወፍ ተከታተሉ። ስማቸውን ያወጡላቸው የቻይና ተማሪዎች ነበሩ። አንዷ ከሕንድ ተነሥታ የአረቢያን ባሕር ሳታርፍ ተሻግራ ሶማሊያ ገባች። በመመለሻው ወራት ከሶማሊያ ጠረፍ ተነሥቶ ያንኑ ባሕር የሚያቋርጥ ትንሽ ጭልፊትም አለ፤ ጎጆው በሰሜን ምሥራቅ ቻይናና በሩቅ ምሥራቅ ሩሲያ ነው።

የዚህን ጭልፊት ታሪክ ለልጅ ልጆቼ ደጋግሜ ነግሬአቸዋለሁ። ሲመጣ በሰሜን ምሥራቅ ሕንድ፣ ናጋላንድ በሚባል ግዛት ያርፋል። እ.ኤ.አ. በ2012 መንደርተኛው በመረብ እየያዘ ለሥጋ ሲሸጠው ዓለም አየ፤ በአሥር ሺዎች ነበር የሚታረደው። በተከታዩ ዓመት ግን አንድም መረብ አልተዘረጋም። ዘመቻም ነበር፣ ሕግም ነበር፤ ወሳኙ ግን የየመንደሩ ምክር ቤት ተሰብስቦ መወሰኑ ነው። ዛሬ ያ መንደር ሰው ወፍ ሊያይ የሚሄድበት ነው። የእኛ ልጆች በወንጭፍ ወፍ ሲመቱ ስናይ «ተው!» ብሎ መጮህ ብዙ አይጠቅምም፤ ይህን ታሪክ መንገር ግን ሲሠራ አይቻለሁ።

አሁን ይህን ጽሑፍ ወዳስጀመረኝ ነገር ልምጣ።

አብራኝ የምትኖር የልጅ ልጅ አለችኝ፤ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ጦርነቱ ሲጀመር አፏን በቅጡ ያልፈታች ነበረች። ከዚያ ዘመን የቀረላት ነገር ቢኖር ከላይ የሚመጣ ድምፅ ነው። አውሮፕላን ሲያልፍ፣ ዛሬ የመንገደኛ አውሮፕላንም ቢሆን፣ አልጋ ሥር ትገባ ነበር። ከቤት ስትወጣ ዓይኗን ከመሬት አታነሣም። በሠፈራችን እንዲህ ያለ ልጅ እሷ ብቻ አይደለችም፤ በየቤታችሁም እንዳለ አውቃለሁ። በዚህ አገር ሰማይን መፍራት አዲስ አይደለም። አያቶቻችን በመጋቢት 1928 ዓ.ም. ከማይጨው ሲመለሱ አሸንጌ ሐይቅ ዳር ከአውሮፕላን ቦምብና መርዝ ወርዶባቸዋል። የእኔ ዕድሜ ሰው በሰኔ 1980 ዓ.ም. ሐውዜን ገበያ ላይ የሆነውን አይረሳም። ከ2013 እስከ 2015 ደግሞ የልጅ ልጆቻችን ተራ ሆነ።

ልጅን ግድ ብሎ «ና ውጣ፣ ምንም የለም» ማለት በሕክምናውም አይመከርም። ፍርሃት በትንሽ በትንሹ፣ ልጁ በሚችለው መጠን፣ ከሚያምነው ሰው ጋር ነው የሚለቀው። እኔ የጀመርኩት በመስኮት ነው። ግቢያችን ግንብ ላይ ጭራዋን ላይ ታች የምታወዛውዝ ደረቷ ቢጫ ወፍ በየማለዳው ትመጣለች፤ በበጋ ብቻ። «የየት አገር ሰው ትመስልሻለች?» አልኳት። «ወፍ ሰው ናት እንዴ አደይ?» አለችኝና ሳቀች። ከሩሲያ ሜዳ በእግሯ ሳይሆን በክንፏ እንደመጣች፣ ፓስፖርት እንዳልተጠየቀች፣ ከፋሲካ በኋላ እንደምትሄድ ነገርኳት። ከመስኮት ወደ በረንዳ፣ ከበረንዳ ወደ ግቢ፣ ከግቢ ወደ እንዳ ኢየሱስ አቀበት ለመድረስ አምስት ወር ያህል ፈጀብን። አንድ ቀን ከኮረብታው ላይ ጭላት ሲዞር አየችና ጣቷን ቀስራ ቆጠረች፤ «ሓደ፣ ክልተ፣ ሰለስተ...» አሥራ አራት ደረሰች። ቀና እንዳለች ነው የቆጠረችው። እኔ ወፎቹን አላየሁም፤ የማየው አንገቷን ነበር።

ይህ መድኃኒት ነው ብዬ አልዋሽም። ሌሊት የሚጮህ፣ አልጋ የሚያረጥብ፣ ከሰው የሚሸሽ፣ ትምህርቱን የተወ ልጅ ካላችሁና ይህ ከወር ካለፈ ጤና ጣቢያ ውሰዱት፣ የአእምሮ ጤና ባለሙያ እንዲያየው ጠይቁ። «ያድጋል፣ ይረሳዋል» የሚለውን ነገር ለ37 ዓመት ስሰማው ኖሬአለሁ፤ ብዙው አይረሳም።

እንግዲህ ለመውጣት ካሰባችሁ፣ ከሁሉ በፊት አንድ ነገር አስቀድማለሁ። ከከተማ ስትወጡ ከተረገጠ መንገድ አትውጡ። ያልፈነዳ ተተኳሽ በየቦታው ቀርቷል። ልጅ የሚያብለጨልጭ ብረት ካየ ማንሣቱ አይቀርም፤ ስለዚህ ከመውጣታችሁ በፊት ንገሩት፣ ሲደርስም ድገሙለት። ካያችሁ አትንኩ፣ ቦታውን አስታውሱ፣ በመጣችሁበት ዱካ ተመለሱ፣ ለፖሊስ ንገሩ። ቦታው የታረሰና ከብት የሚሰማራበት መሆኑን የአካባቢውን ሰው ሳትጠይቁ ልጅ ይዛችሁ አትግቡ።

ከከተማ ሳትወጡም ብዙ አለ። እላላ ወንዝ ዳር ማለዳ ላይ ውኃ በቀረበት ኩሬ ሁሉ ረጃጅም እግር ያላቸው ወፎች ጭቃ ሲወጉ ታያላችሁ። ብዙዎቹ የሰሜን ወፎች ናቸው። ትንሽ ራቅ ማለት ለሚችል ከመቐለ በስተ ደቡብ፣ ዓዲ ጉዶም አጠገብ ያለው የጉም ሥላሴ ግድብ አለ። በ1980ዎቹ መጨረሻ ለመስኖ ተብለው በትግራይ ከተሠሩት ትንንሽ ግድቦች አንዱ ነው። ግድቦቹ የተሠሩት ለገበሬው ነው፤ ወፎቹ ግን ሳይጋበዙ ገብተው ለበጋ ማረፊያ አደረጓቸው። ምንቃሩ እንደ አካፋ የሰፋ ዳክዬ እዚያ ታገኛላችሁ፤ ወንዱ አንገቱ የሚያብረቀርቅ አረንጓዴ፣ ጎኑ ቡናማ ነው። አንድ ከብት የሚጠብቁ አዛውንት እዚያ አገኘሁና «አቦይ፣ እነዚህ መቼ ነው የሚሄዱት?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «ጓለይ፣ ሲመጡ አያለሁ፤ ሲሄዱ ግን አንድም ቀን ተሰናብተውኝ አያውቁም» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ ዳክዬ የሚነሣው ሲጨልም ነው። በማግስቱ ውኃው ባዶ ሆኖ ይገኛል።

ትልቁ ግን አሸንጌ ነው። 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ያለ መውጫ የሌለው ሐይቅ ነው፤ በበጋው ወራት ያ ምንቃረ ሰፊ ዳክዬ በብዙ ሺህ ሆኖ ይሰፍርበታል። አጠገቡ የሑጉምቡርዳ ደን አለ። ከመቐለ ወደ ምሥራቅ በኩል ደግሞ በአፋር ቁልቁለት አፋፍ ላይ የደስዓ ደን አለ፤ ጽድና ወይራ። በጦርነቱና በከበባው ጊዜ መብራትና ጋዝ ሲጠፋ በየቦታው ለማገዶና ለከሰል ብዙ ዛፍ ተቆርጧል። ለመፍረድ ይከብዳል፤ እናት ልጇን ጥሬ አታበላም። ግን ከሺህ ኪሎ ሜትር በኋላ ለማረፍ የወረደ ወፍ ዛፉን ሲያጣው ምን እንደሚያደርግ አስቡት። ወደ አሸንጌም ሆነ ወደ ደስዓ የምትሄዱ የመንገዱን ሁኔታ ሰሞኑን ከሄደ ሰው ሳትጠይቁ አትነሡ።

ውኃ ዳር ስትደርሱ የነርስ ነገር ልናገር። ልጆች ውኃው ውስጥ አይግቡ፣ እግራቸውንም አያጥልቁ። በግድብ ዳር የምትኖረው ቀንድ አውጣ ቢልሃርዝያ ታስተላልፋለች፤ ቆዳ ጥሶ ለመግባት ጥቂት ደቂቃ ይበቃዋል። ሁለተኛው ወባ ነው። ዛሬ የዓለም ጤና ድርጅትን የሚመሩት ዶክተር ቴድሮስ አድኃኖም ከባልደረቦቻቸው ጋር በትግራይ ግድቦች ላይ ያደረጉት ጥናት እ.ኤ.አ. በ1999 በብሪታንያ የሕክምና መጽሔት ወጥቶ ነበር። በግድብ አጠገብ የሚኖሩ ልጆች ራቅ ብለው ከሚኖሩት ሰባት እጥፍ ያህል በወባ ይያዙ እንደነበር ያሳያል፤ ያውም ወባ የለበትም በምንለው ደጋ። ስለዚህ ፀሐይ ሳትጠልቅ ተመለሱ። የሞተ ወፍ ካያችሁ አትንኩ፤ በተለይ ብዙ ወፍ አንድ ላይ ሞቶ ካገኛችሁ ለእንስሳት ጤና ባለሙያ አስታውቁ፤ የወፍ ጉንፋን ሊሆን ይችላል።

ጊዜው ዐቢይ ጾም ነው። አቀበት ለመውጣት የሚያስብ የስኳር ሕመምተኛ፣ በተለይ ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላማይድ የሚወስድ፣ በባዶ ሆዱ አይውጣ። ላብ ላብ ካለው፣ እጁ ከተንቀጠቀጠ፣ ዓይኑ ከተጭበረበረ ቁጭ ብሎ ስኳር ያለው ነገር ይጠጣ፤ ጾም ይፈርሳል ብሎ የሚከራከር ካለ ቄሱንም ሐኪሙንም ይጠይቅ፣ ሁለቱም አንድ መልስ ነው የሚሰጡት። ለሌላው ሰው ቆሎ፣ ሕምባሻና በሶ ይበቃል። ውኃ አትርሱ። ባርኔጣ ወይም ነጠላ በራስ ላይ ይሁን።

የሩቅ ማሳያ መነጽር የግድ አይደለም። የሚገዛ ካለ ግን 8 በ 42 የሚለውን ይፈልግ፤ ስምንት እጥፍ ያቀርባል፣ እጅ ቢንቀጠቀጥም ምስሉ ብዙ አይዋልልም፤ 12 እና 16 የሚለውን ሻጩ ቢያሞግስም ለእኛ ዕድሜ አይሆንም። በመነጽር ፀሐይን ማየት ዓይን ያጠፋል። ይህን ለልጅ አንድ ጊዜ ነግሮ መተው አይበቃም፤ አብሮ መቆም ነው። ልጆቹ ስልክ ካላቸው መርሊን የሚባል የአሜሪካው ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ነፃ አፕ አለ፤ የወፉን ቀለምና መጠን ጠይቆ ስሙን ይገምታል። እኔ ስም ማወቁን እስከዚህም አልቸኩልበትም። ልጅ ራሱ ስም ያወጣለት ወፍ አይጠፋውም።

ስለ ዓይን ካነሣሁ አይቀር፣ ወፍ ማየት የሁላችንም የዓይን ምርመራ ነው። ልጁ «ያቺውልህ!» ሲባል ሁልጊዜ «የታለች?» የሚል ከሆነ ሩቅ የማየት ችግር ይኖርበት ይሆናል፤ ጥቁር ሰሌዳውንም አያየውም ማለት ነው። አያቱ ነጭ ወፍ በጭጋግ ውስጥ የምትታያቸው ከሆነ የዓይን ሞራ ጀምሯቸው ይሆናል። ኲሓ ሆስፒታል የዓይን ሕክምና ክፍል አለው፤ ሞራ በቀላል ቀዶ ሕክምና የሚወገድ ነገር ነው። በቻይናዋ ጓንግጆ በ12 ትምህርት ቤቶች የተሠራ፣ እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ጥናት ደግሞ አለ። በየቀኑ 40 ደቂቃ ተጨማሪ ከክፍል ውጭ እንዲያሳልፉ ከተደረጉት ልጆች በሦስት ዓመት ውስጥ ሩቅ ማየት የተሳናቸው 30.4 በመቶ ሲሆኑ፣ እንደ ወትሮው ከቀጠሉት 39.5 በመቶ ሆኑ። ልጅን ከስልክ አንሥቶ ሰማይ ማሳየት ለዓይኑም ነው።

አንድ ወፍ አለ፣ ሰው የሚጸየፈው፤ ጥንብ አንሳ። ከዓይነቶቹ አንዱ ነጭ ሆኖ ፊቱ ቢጫ ነው፤ ቡልጋሪያ ተፈልፍሎ በጋውን አፋር የሚያሳልፍ አለው። በየዓመቱ ሲመላለስ ያልተሸፈነ የኤሌክትሪክ ምሰሶ ላይ አርፎ ይቃጠላል። በሱዳን ወደብ አጠገብ አንድ መስመር ብቻ ለአሥርተ ዓመታት ስንቱን ሲገድል ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ2014 ኃይሉ ተቋርጦ በሌላ ተተካ። የሕንድ ጥንብ አንሳዎች ያለቁበት ምክንያት ደግሞ ለነርስ የሚያስደነግጥ ነው፤ ዲክሎፌናክ! ለወገብና ለጉልበት ሕመም የምንሰጠው ያው መድኃኒት ለከብት ይሰጥ ነበር፤ የሞተውን ከብት የበላ ጥንብ አንሳ ኩላሊቱ ይሞታል። ምክንያቱ እ.ኤ.አ. በ2004 ታወቀ፣ በ2006 ለከብት እንዳይውል ታገደ፤ እስከዚያ አንዳንዱ ዓይነት ከ95 በመቶ በላይ አልቋል። ጥንቡን የሚያነሣ ሲጠፋ ውሻ በዛ፤ ውሻ ሲበዛ የእብድ ውሻ በሽታ ሥጋት በዛ። ከብት ያላችሁ ወገኖች፣ የሰው የሕመም ማስታገሻ ለላምና ለበሬ አትስጡ።

ወፍ ሁሉ የሚወደድ ነው እያልኩ አይደለም። ግሪሳ ማሽላውን ያራገፈበት የራያ ገበሬ ይህን ቢያነብ ጋዜጣውን ይወረውረው ይሆናል። እውነት አለው።

በመጨረሻ የመስቀል ወፍ የምንላትን አንሥቼ ላብቃ፤ ልጆች ሁሌ ይጠይቁኛልና። ከዓመት አንዴ የሚታይን ሰው «የመስቀል ወፍ» እንለዋለን። ይህች ወፍ ግን የትም አትሄድም። ወንዱ በክረምትና በመስከረም ቀይ ወይም ቢጫ ካባውን ለብሶ ይታያል፤ ወቅቱ ሲያልፍ ካባውን አውልቆ እንደ ድንቢጥ ቡናማ ሆኖ ከሌላው ጋር ይቀላቀላል። ዓመቱን ሙሉ አጠገባችን ነው፣ አናውቀውም እንጂ። እውነተኞቹ ተጓዦች አሁን በላያችን የሚያልፉት ናቸው። የዓለም የስደተኛ ወፎች ቀን በፈረንጆቹ ሜይ ወር ሁለተኛ ቅዳሜ ይከበራል፤ በእኛ ከሚያዝያ 30 እስከ ግንቦት 6 ባለው ሳምንት ይውላል። ያኔ አብዛኞቹ ሄደው ይሆናል። ስለዚህ አሁኑኑ አንድ ደብተር ያዙና ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ነፋሱ ከየት እንደሚነፍስና ስንት እንዳያችሁ ጻፉ፤ ልጁ ይጻፍ፣ አያት ይቁጠሩ። በመስከረም ወፎቹ ሲመለሱ ያንኑ ገጽ ገልጣችሁ ከጎኑ ትጽፋላችሁ። የእኛ ደብተር የመጨረሻው መስመር «መጋቢት 11፣ ሦስት ሰዓት ከአርባ፣ 23 ጭላት፣ 2 ትልቅ ንስር፣ አንዱ ክንፉ የተቀደደ» ይላል።